ሼርድ ኦነርሺፕ ልንገዛ ነው፤ ኪራዩና ሰርቪስ ቻርጁ ግን እንቅልፍ ነሳኝ

የሉዊሻም_እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው፣ እባካችሁ የደረሰባችሁን ንገሩኝ።

እኔና ባለቤቴ ለንደን ሉዊሻም የግል ኪራይ ቤት ውስጥ ነው ያለነው። ሁለት ልጆች አሉን። እሱ አውቶቡስ ይነዳል፣ እኔ ኬር ሆም እሠራለሁ። ለዓመታት ዕቁብ ጥለን ትንሽ ብር ያዝን። ሙሉ ቤት እንዳንገዛ ባንኩ የሚሰጠን ብድር አይበቃም። ስለዚህ ሼርድ ኦነርሺፕ፣ የቤቱን ድርሻ ብቻ የሚገዙበትን፣ ማየት ጀመርን። አሁን ያየነው አዲስ ሕንፃ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ፍላት ነው። ዋጋው 400,000 ፓውንድ። እኛ የምንገዛው 25 በመቶውን ነው፣ ማለትም የ100,000ውን። ዲፖዚቱ 10,000 ብቻ ነው።

ሽያጭ ላይ ያለችው ልጅ ትሁት ናት። "አሁን ከምትከፍሉት ኪራይ ያንሳል" አለችን። ወረቀቱ ላይ ግን ሞርጌጅ (የባንክ የቤት ብድሩ) ለብቻው፣ ኪራይ ለብቻው፣ ከዚያ ደግሞ ሰርቪስ ቻርጅ የሚባል የሕንፃው የጋራ አገልግሎት ክፍያ በወር 250 ፓውንድ አለ፣ አጠገቡ "ግምት" ተብሎ ተጽፏል። እኔ እንደ አዲስ አበባው 20/80 ኮንዶሚኒየም መስሎኝ ነበር። ቅድሚያውን ትከፍያለሽ፣ የቀረውን ለባንክ ቀስ እያልሽ ትጨርሻለሽ፣ በቃ ቤቱ ያንቺ ነው። እንደዚያ አይደለም እንዴ? በሁለት ሳምንት ውስጥ ማስያዣ ክፈሉ ተብለናል።


ካሣንቺስ_ብሪክስተን

እህቴ፣ መጀመሪያ ያንን 20/80 የሚባለውን ነገር ከጭንቅላትሽ አውጪው። እኔም በ2017 ስገባ በዚያው ሂሳብ ነው የገባሁት፣ ለዚህ ነው ይህን የምጽፍልሽ።

አዲስ አበባ ላይ 80ው ብድር ነው። ስትከፍይ ያልቃል። እዚህ 75ቱ ብድር አይደለም። የሃውሲንግ አሶሲዬሽኑ፣ ማለትም ቤቱን የሚያቀርበው ድርጅት፣ ንብረት ነው፣ አንቺ ተከራይተሽዋል። ሰላሳ ዓመት ኪራይ ብትከፍዪ ከ75ቱ አንድ ሳንቲም አይቀነስም። ሞርጌጁን ጨርሰሽም ኪራዩ ይቀጥላል። የሚቆመው ቀሪውን ድርሻ ገዝተሽ 100 ስትሞይ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም ፍላት ከሆነ ሰርቪስ ቻርጁ አይቆምም።

የኔን ልንገርሽ። ስገባ ኪራዩ በወር 390 ፓውንድ ነበር። ሌዙ (የረጅም ጊዜ የቤት ውሉ) ላይ "በየዓመቱ በአርፒአይ ላይ 0.5 በመቶ ተጨምሮ ያድጋል" ይላል። አርፒአይ የዋጋ ንረት መለኪያ ነው። ሶሊሲተሩ፣ ማለትም ጠበቃዬ፣ ሲያነብልኝ 0.5 የምትለዋን ብቻ ሰማሁና ትንሽ ናት ብዬ ፈረምኩ። ሴፕቴምበር 2022 ላይ አርፒአይ 12.6 በመቶ ገባ። እንደ ሌዙ ቢሆን የዚያን ዓመት ጭማሪ 13.1 በመቶ ይሆን ነበር። ብዙዎቹ ሃውሲንጎች በፈቃዳቸው 7 ላይ አቆሙት፣ የኛም እንደዚያው አደረገ፣ አመስግነናል። ግን የዋጋ ንረቱ ሲወርድ ኪራዩ አብሮ አይወርድም። ወደ ላይ ብቻ ነው የሚሄደው። ዛሬ 560 አልፌያለሁ። ሰርቪስ ቻርጁ ደግሞ 110 ነበር፣ አሁን 265 ነው። ደሞዜ በዚያ ልክ አላደገም።

ቤቱን አልጠላሁትም። ልጄ እዚያው ነው ያደገው። ግን የነገሩኝን ሳይሆን የፈረምኩትን ባነብ ኖሮ ሌላ ቤት እመርጥ ነበር።


የሂሳብ_ነገር

ቁጥሩን አብረን እንየው፣ የሉዊሻም እናት።

ያልገዛሽው ድርሻ 300,000 ነው። አዲስ ቤት ላይ ኪራዩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ካልገዛሽው ድርሻ ዋጋ 2.75 በመቶ በዓመት ተብሎ ነው። ይሄ 8,250 ፓውንድ በዓመት፣ 687 ከ50 በወር ይመጣል። የ90,000 ሞርጌጅ ለ30 ዓመት በ5 በመቶ ወለድ ብትወስዱ በወር ወደ 483 ነው። 250 ሰርቪስ ቻርጅ ጨምሪበት። ድምሩ 1,420 ገደማ ሆነ። ካውንስል ታክስ፣ መብራትና ውሃ ገና አልገባም።

አሁን ይህን ድምር ተመልከቺው። ከ1,420ው ውስጥ ወለዱ ቋሚ እስከሆነ ድረስ የማይነቃነቀው የሞርጌጁ 483 ብቻ ነው። የቀረው 937 በየዓመቱ የሚንቀሳቀስ ነው። ሰዉ ሁሉ ባንክ ሄዶ ስለ ሞርጌጅ ይጨነቃል፣ ትልቁ ክፍያ ግን ሌላ ቦታ ነው የተቀመጠው።

ከኦክቶበር 2023 ወዲህ የሚወጡት አዲስ ሌዞች በአርፒአይ ፋንታ በሲፒአይ ላይ 1 በመቶ የሚል ነው ያላቸው። ሲፒአይም የዋጋ ንረት መለኪያ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከአርፒአይ ዝቅ ይላል። ሲፒአይ 3 በመቶ ቢሆን ኪራይሽ 4 በመቶ ያድጋል ማለት ነው። በዚያ ሂሳብ 687 ከ50ው በአሥር ዓመት ውስጥ 1,017 ይሆናል። ከሞርጌጁ በእጥፍ በለጠ ማለት ነው።

"ቀስ እያልን ድርሻ እንጨምራለን" የምትሉ ከሆነም፣ ስቴርኬሲንግ የሚባለው፣ የምትገዙት በዛሬው ዋጋ አይደለም። በዚያን ጊዜው የገበያ ዋጋ ነው። ዛሬ 10 በመቶው 40,000 ነው። ቤቱ 460,000 ከገባ ያው 10 በመቶ 46,000 ሆነ ማለት ነው። የቤቱን ዋጋ ለሚተምነው ገማች የምትከፍዪው አንቺ ነሽ፣ ግምቱ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ለሦስት ወር ነው፣ ሶሊሲተርም አለ። ድርሻ በጨመርሽ ቁጥር ግን ኪራዩ በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ ይሄ ጥሩ ጎኑ ነው።


የሉዊሻም_እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 1,017 የምትለዋን ሳይ ልቤ ደነገጠ። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። እኛ 25 በመቶ ብቻ ነው የኛ። ታዲያ ሰርቪስ ቻርጁን ለምን 25 በመቶ አንከፍልም? 75ቱን ባለቤቱ መክፈል አልነበረበትም?


ጋሼ_ስቶክዌል

ልጄ፣ ይሄ ጥያቄ የሁላችንም ጥያቄ ነው። መልሱ አይጥምም። ሌዙ ላይ ለፍላትሽ የተመደበውን ሰርቪስ ቻርጅ ሙሉውን የምትከፍዪው አንቺ ነሽ። 10 በመቶ ይኑርሽ 75 በመቶ፣ ልዩነት የለውም። በማርች 2024 የፓርላማው የቤቶች ጉዳይ ኮሚቴ ስለ ሼርድ ኦነርሺፕ ባወጣው ዘገባ የኪራዩን መናር፣ ጣሪያ የሌለውን ሰርቪስ ቻርጅና የጥገናውን ወጪ አንስቶ ለብዙ ሰው ከአቅም በላይ እየሆነ ነው ብሏል። ስለዚህ ያንቺ ብቻ ችግር አይደለም።

እኔ በዚህ ቤት አሥራ አራት ዓመቴ ነው፣ ሰርቪስ ቻርጅ ምን እንደሆነ በደንብ ተምሬያለሁ። ውስጡ የሚገባው የደረጃና የኮሪደር ጽዳት፣ የጋራ መብራት፣ ሊፍት፣ አትክልት፣ የበር ኢንተርኮም፣ የሕንፃው ኢንሹራንስ፣ የአስተዳደር ክፍያ ነው። መጠባበቂያም ይሰበሰባል፣ ጣሪያ የሚቀየር ጊዜ ይሆናል ተብሎ። ይሄ መጠባበቂያ ቤቱን ስትሸጪ አይመለስልሽም፣ እዚያው ሕንፃው ጋ ይቀራል።

"ግምት" የሚለው ቃል ላይ ቆም በይ። በዓመቱ መጀመሪያ ይገምታሉ፣ አንቺ በየወሩ ትከፍያለሽ፣ ዓመቱ አልቆ ሂሳብ ሲዘጋ ወጪው ከበለጠ "ጉድለት አለብሽ" የሚል ደብዳቤ ይመጣል። አንድ ዓመት ለኔ 612 ፓውንድ መጣ። በአንድ ጊዜ። ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ ነው።

ያን ጊዜ ዝም ብዬ ልከፍል ነበር። ልጄ ናት "አባባ ደረሰኙን ጠይቅ" ያለችኝ። የ1985ቱ የአከራይና ተከራይ ሕግ አለ። አንቀጽ 21 የወጪውን ዝርዝር እንድትጠይቂ ይፈቅድልሻል፣ አንቀጽ 22 ደግሞ ዝርዝሩ በደረሰሽ በስድስት ወር ውስጥ ደረሰኞቹን እራሳቸውን እንድታዪ። በጽሑፍ ጠየቅኩ። ከብዙ ማመላለስ በኋላ ወረቀቱ መጣ። ከልጄ ጋር ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን አንድ በአንድ አየነው። "የሊፍት ጥገና" የሚል አገኘን። የኛ ሕንፃ ሦስት ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም! ከኛ ጀርባ ያለው ረጅሙ ሕንፃ ነው ሊፍት ያለው። የሱን ወጪ ለግቢው ሁሉ አካፍለውት ነበር። ሌዜ ላይ የኔ ድርሻ ለሕንፃዬና ለግቢው ነው እንጂ ለሌላው ሕንፃ አይልም።

አቤቱታ አስገባሁ። የመጀመሪያው ደረጃ ላይ "ትክክል ነው" አሉኝ። ሁለተኛው ደረጃ ላይ የሌዙን ገጽ ፎቶ አንስቼ ላክሁ። የሊፍቱን አወጡት፣ የሁለት ዓመቱንም መለሱልን፣ ለኔ ብቻ ሳይሆን ለሕንፃው ሰው ሁሉ። የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ ከአንድ ሃውሲንግ ጋር የሚያያዝ ጉዳይ አይደለም።

ሌሎችም ሕጎች አሉ፣ ብታውቂያቸው ጥሩ ነው። አንቀጽ 19 ወጪው ምክንያታዊ መሆን አለበት ይላል። አንድ የጥገና ሥራ ከአንቺ ላይ ከ250 ፓውንድ በላይ የሚያስከፍል ከሆነ አስቀድመው ሊያማክሯችሁ ግዴታ አለባቸው፣ አንቀጽ 20 ነው። ካላማከሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ250 በላይ ሊወስዱ አይችሉም። ወጪው ከተደረገ 18 ወር ካለፈ በኋላ ቢል ቢመጣ፣ በ18ቱ ወር ውስጥ በጽሑፍ ካላሳወቁሽ በስተቀር አትከፍዪም። ክፍያው በዛ ወይስ ተገቢ ነው የሚለውን የሚዳኘው ትሪቡናሉ (እንደ ፍርድ ቤት ያለ ዳኝነት ሰጪ አካል) ነው። ሃውሲንግ ኦምቡድስማን የሚባለው የአቤቱታ ሰሚ በነፃ ነው፣ እሱ ግን የሚያየው አቤቱታሽን እንዴት እንደያዙት፣ መረጃ ነፍገውሽ እንደሆነ የመሳሰለውን ነው። ሰዉ ሁለቱን እያምታታ ጊዜውን ያባክናል።

አደራ፣ ተናድደሽ "አልከፍልም" ብለሽ ዝም ብለሽ እንዳትቆሚ። እየተከራከርኩ ነው ብለሽ በጽሑፍ አሳውቀሽ፣ የማትከራከሪበትን እየከፈልሽ ሂጂ። በተለይ ኪራዩን ሳትከፍዪ እንዳታልፊ። ዕዳ ሲከማች ሌዙን ራሱን ልታጪ ትችያለሽ።


ካሣንቺስ_ብሪክስተን

ጋሼ እድሜ ይስጥልኝ። የኔንም ዝርዝር ዛሬውኑ እጠይቃለሁ። የኢንሹራንሱ መስመር ላይ ምን ይላሉ? የኛ በአራት ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል።


ጋሼ_ስቶክዌል

ልጄ፣ እዚህ ለንደን ግሬንፌል የተባለው ፎቅ ከተቃጠለ በኋላ ነው ኢንሹራንሱ የናረው፣ በተለይ ግድግዳቸው የሚቃጠል ሽፋን ያለባቸው ረጃጅም ሕንፃዎች ላይ። ጁን 2017 ላይ 72 ሰው ነው የሞተው፣ ከነሱ ውስጥ የኛው የሀበሻ ቤተሰቦችም አሉ፣ ነፍስ ይማር። ከዚያ በፊት ስለ ሽፋን ማን ይጠይቅ ነበር? የ2022ቱ የሕንፃ ደህንነት ሕግ ከ11 ሜትር በላይ በሆኑ ሕንፃዎች ላይ ለሽፋኑ ማስወገጃ ብዙዎቹን ነዋሪዎች ከክፍያ ጠብቋል፤ የኢንሹራንሱን ዋጋ ግን አይከለክልም። ስለዚህ የሉዊሻም እናት፣ የሕንፃውን የእሳት ደህንነት ወረቀት ሳታዪ እንዳትፈርሚ።


መርካቶ_ክሮይደን

ሁላችሁም አስፈራራችኋት፣ እኔም የራሴን ልናገር።

እኔ ለብቻዬ ሦስት ልጅ የማሳድግ ሴት ነኝ። የግል አከራዮች በስድስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ አስወጥተውኛል። አንዱ ሊሸጠው ነው፣ አንዱ ልጁን ሊያስገባ ነው፣ አንዱ ምክንያትም አልነገረኝ። በየጊዜው ትምህርት ቤት መቀየር፣ ዕቃ መሸከም፣ የልጆቹ ለቅሶ። ሼርድ ኦነርሺፕ ከገባሁ ወዲህ ማንም ውጪ አላለኝም። ኪራዩ ይጨምራል፣ አዎ። ግን ምን ያህል እንደሚጨምር ሌዙ ላይ ተጽፏል። የግል አከራዩ በአንድ ጊዜ 300 ፓውንድ ሲጨምርብኝ የተጻፈ ነገር አልነበረም።

ልዩነቱ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? እኔ ፍላት አልገዛሁም። መሬት ላይ የቆመ ትንሽ ቤት ነው፣ ከከተማው ወጣ ያለ። ሊፍት የለ፣ ኮሪደር የለ፣ ዘበኛ የለ። ሰርቪስ ቻርጄ በወር 38 ፓውንድ ነው፣ አብዛኛው ኢንሹራንስ። 40 በመቶ ነው የገዛሁት። ስለዚህ እህቴ ሼርድ ኦነርሺፕ ይቅርብሽ አልልሽም። ያ ሕንፃ ይቅርብሽ ልልሽ እችላለሁ።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ፣ ሥራዬን ያጣሁ ጊዜ ዩኒቨርሳል ክሬዲት (የመንግሥት ድጎማ) የኪራዩን ክፍልና የሚመለከተውን ሰርቪስ ቻርጅ አግዞኛል። ሞርጌጁን አይከፍልም። ለሞርጌጁ ወለድ የሚሆን ሌላ ብድር አለ፣ የሚመለስ ነው። ችግር ሲመጣ ቤት አለኝና ምንም አይሰጡኝም ብላችሁ አትቀመጡ።


ማንቸስተር_ልሄድ

እኔ ደግሞ የመውጫውን ነገር ልጨምር፣ ሲገቡ ማንም አያስበውም።

ሥራ ማንቸስተር አገኘሁ። ፍላቴን ላከራየው አሰብኩ። አይቻልም ተባልኩ፣ ሼርድ ኦነርሺፕ ላይ ማከራየት በመሠረቱ ክልክል ነው፣ በልዩ ምክንያት ካልፈቀዱ በስተቀር። እሺ ልሽጥ አልኩ። መጀመሪያ ለሃውሲንጉ ገዢ እንዲፈልግ 8 ሳምንት መስጠት አለብኝ፣ የቆየ ሌዝ ስለሆነ። በአዲሶቹ 4 ሳምንት ነው። ገዢዎች መጡ። ቤቱን ወደዱት። ሰርቪስ ቻርጁ 310 መሆኑን ሲሰሙ ሁለቱ ተመለሱ። ያኔ ነው የገባኝ። ሰርቪስ ቻርጅ በየወሩ ኪሴን ብቻ አይደለም የሚነካው፣ የምሸጥበትንም ዋጋ ነው። አሁንም አልተሸጠም፣ ቅዳሜና እሁድ እየተመላለስኩ ነው።


የሂሳብ_ነገር

ይሄ ትልቅ ነጥብ ነው።

የሉዊሻም እናት፣ ቤቱ በ2021 በወጣው በአዲሱ ሞዴል ነው ወይስ በድሮው? ብለሽ ጠይቂ። በአዲሱ ሞዴል ሌዙ 990 ዓመት ነው፣ ከ10 በመቶ ጀምሮ መግዛት ይቻላል፣ ለ15 ዓመት በየዓመቱ 1 በመቶ ያለ ገማች ክፍያ መጨመር ትችያለሽ፣ የመጀመሪያዎቹን 10 ዓመታት ደግሞ የሕንፃውን የውጭና የመዋቅር ጥገና ሃውሲንጉ ነው የሚሸፍነው። ለቤት ውስጥ አንዳንድ ጥገናም በዓመት እስከ 500 ፓውንድ ይሰጣሉ። በድሮው ሞዴል ጥገናው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ባንቺ ላይ ነው። ማስታወቂያው ላይ ሁለቱም "ሼርድ ኦነርሺፕ" ነው የሚባሉት።

ሶሊሲተርም ሻጮቹ የሰጡሽን ዝም ብለሽ አትያዢ። ራስሽ ፈልጊ። ኪራዩ እንዴት እንደሚያድግ የሚለውን ገጽ በኢሜይል፣ በቀላል ቋንቋ እንዲጽፍልሽ አድርጊ። በቃል የተነገረ አይያዝም።


የሉዊሻም_እናት

ተመልሻለሁ። ሳምንት ሙሉ ስትጠይቁ ለነበራችሁ ይቅርታ፣ ማታ ፈረቃ ነበርኩ።

ያላችሁትን ሁሉ ጠየቅሁ። አዲሱ ሞዴል ነው፣ ጭማሪው ሲፒአይ ሲደመር 1 ነው። እስከዚህ ጥሩ። ከዚያ የ250ውን ዝርዝር ላኩልኝ አልኩ። መጀመሪያ "ገና ግምት ስለሆነ ዝርዝር የለም" አለችኝ። ግምቱን ያለ ዝርዝር እንዴት ገመታችሁት? ብዬ በኢሜይል ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀን ላኩት። ውስጡ ጂም አለ፣ እንግዳ መቀበያ ላይ ቀንና ሌሊት የሚቀመጥ ሰው አለ፣ ጣሪያ ላይ አትክልት አለ። ባለቤቴ አውቶቡስ ነድቶ ደክሞት ነው የሚመጣው፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ሰው ሳነሳ ሳስተኛ ነው የምውለው። ጂም መቼ እንሄዳለን? ግን ብንሄድም ባንሄድም እንከፍላለን።

ማስያዣውን አልከፈልንም። ባለቤቴ መጀመሪያ ተከፍቶ ነበር፣ የጋሼን ጽሑፍ ሳነብለት ዝም አለ፣ ከዚያ "የክሮይደኗ ሴት እንዳለችው እንፈልግ" አለ።

አሁን ቴምዝሜድ ላይ አንድ የቆየ ሼርድ ኦነርሺፕ አግኝተናል፣ ሰው እየሸጠው። ሁለት ፎቅ ብቻ ነው፣ ሊፍት የለውም። ሰርቪስ ቻርጁ 92 ነው፣ ይሄ ግምት ሳይሆን ያለፉት ሦስት ዓመታት የተዘጋ ሂሳብ ነው፣ ሻጩ ራሱ ሰጠኝ። 35 በመቶ። ሌዙ ላይ 84 ዓመት ቀርቶታል ይላል። 84 ዓመት ይበቃል ወይስ ችግር አለው?


ጋሼ_ስቶክዌል

የተዘጋ የሦስት ዓመት ሂሳብ መያዝሽ በጣም ጥሩ ነው ልጄ። 84ቱ ላይ ግን ተጠንቀቂ። ከ80 በታች ሲወርድ ማራዘሚያው ይወደዳል፣ ባንኮችም ያቅማማሉ። አራት ዓመት ቅርብ ነው። ሻጩ ከመሸጡ በፊት እንዲያራዝመው ወይም ከዋጋው ላይ እንዲቀንስ ጠይቂው። ሃውሲንጉንም ለማራዘም ስንት እንደሚያስከፍል በጽሑፍ ይንገሩሽ። ኪራዩስ እንዴት ነው የሚያድገው፣ በአርፒአይ ነው? ገጹን ፎቶ አንስተሽ እዚህ ለጥፊው፣ ስምና አድራሻውን ሸፍነሽ።


የሉዊሻም_እናት

እሺ ጋሼ። ነገ ከፈረቃ ስወጣ እለጥፈዋለሁ።